በጥላ በኩል ያለው ቅርጫት

ረቡዕ ሚያዝያ 17፣ ከጧቱ 2 ሰዓት

ሜዳው ታጥቧል። አባ ኮዳዎቹ ዛሬም ከሐይቁ መጥተው በሁለቱም ቅርጫት ላይ አድረዋል፤ ሲሚንቶውን ነጭ በነጭ አድርገውታል። አራት ባልዲ ውኃ፣ አንድ መጥረጊያ፣ የእኔ ወገብ። ትናንት የዘነበው መሃል ክቡ ላይ ኩሬ ሠርቷል። በጆንያ መጠጥኩት። ከወፎቹና ከተጫዋቾቹ ምረጥ ብባል ወፎቹን እመርጣለሁ። ወፎቹ ቢያንስ ቅርጫቱን ያገኙታል።

ስማ ደብተር። የምትጽፍብህ ብርቄ ናት፣ ሚስቴ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠረች፣ ወረቀት ሰጧት፣ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እኔ አልሄድኩም። በስልሳ ስምንት ዓመቴ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ አልልም አልኩ፣ አላልኩም። አሁን እጇ እንዳይረሳ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ። ቀርፋፋ ናት። ስለዚህ አጭር አጭር አድርጌ እናገራለሁ። ቅርጫት ኳስ ሲረዝምባት ቅ/ኳስ ትላለች፤ አዲስ አበባን አ.አ.፣ ከሰዓት በኋላን ከ/ሰ። ትበል።

የእርሻ ኮሌጁ ቅ/ኳስ ቡድን ሁለት ጨዋታ ቀርቶታል። የፊታችን ቅዳሜ እዚሁ አዋሳ፣ ከጅማ ልጆች ጋር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምቦ ይሄዳሉ። ሁለቱን ካሸነፉ አ.አ. ለማጠቃለያው ያልፋሉ። አንዱን ከተሸነፉ አለቀ። ኮሌጁ ግን ካሁኑ አ.አ. ገብቷል። የወጥ ቤት ሴቶች ሳይቀሩ ስለ ዋንጫ ያወራሉ። እኔን ቢጠይቁኝ እነዚህ ልጆች ሻሸመኔንም አያልፉም። በሜዳቸው እየተንገዳገዱም ቢሆን ያሸንፋሉ። በሰው ሜዳ አራቴ ሄዱ፣ አራቴ ተደብድበው መጡ።

አሠልጣኙ ጾሙ ነው ያደከማቸው ሲል ከረመ። አሁን ፋሲካ አለፈ። ዶሮው ተበላ፣ በጉ ተበላ። ቀጥሎ ምን እንደሚል ለመስማት ቸኩያለሁ።

ዓርብ ሚያዝያ 19፣ ከ/ሰ 11 ሰዓት

ልምምድ አየሁ። ባላየሁት።

አሠልጣኙ ቡልጋሪያ ተምሮ ነው የመጣው። ያመጣው ፊሽካና መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ገልጦ ጉልበታችሁን እጠፉ ይላል። ያጥፋሉ። ክርናችሁን አንሡ ይላል። ያነሣሉ። ኳሱ ግን መጽሐፍ አላነበበም።

ሁልጊዜ የሚለማመዱት ከሐይቁ በኩል ባለው ቅርጫት ነው፤ ዋርካው ጥላ ይጥልበታላ። ወዲያ ማዶ ያለው ፀሐይ ላይ ነው፣ ማንም አይቀርበውም። አሥራ ሁለት ጎረምሳ አንድ ቅርጫት ሥር እንደ በግ ተኮልኩሎ ሲጋፋ ይውላል። ገበሬ ሊሆኑ ነው የሚማሩት፣ ፀሐይ ይፈራሉ።

ሁለቱንም ምሰሶ የተከልኩት እኔ ነኝ። ጻፊው። ከሻሸመኔ እስከ ይርጋለም ያለው የስልክ እንጨት የእኔ እጅ ነው። ንፋስ መጣ፣ ጎርፍ መጣ፣ መንግሥት ተገለበጠ፣ አንድም እንጨቴ አልተጋደመ። ኮሌጁ ዘበኛና ሜዳ ጠባቂ አድርጎ ሲቀጥረኝ መጀመሪያ የሰጠኝ ሥራ የቅ/ኳሱን ብረቶች መትከል ነበር። ለእኔ ጨዋታ ነው። በሁለት ቀን ተከልኩ።

ከልጆቹ እጅ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ታምራት፣ አምበሉ። ዘንድሮ ይመረቃል። ከሩቅ ይወረውራል፣ ይገባል። እሱም አፉ አያርፍም።

«አባባ ደምሴ፣ ከአ.አ. ምን ላምጣልዎት?»

«ወሬህን እዚያው ጥለህልኝ ና» አልኩት።

ሳቁ። ይሳቁ። መሳቅ ነጥብ የሚያስገኝ ቢሆን ዋንጫው ገና ጥቅምት ላይ እጃቸው ይገባ ነበር።

ቅዳሜ ሚያዝያ 20፣ ከ/ሰ 12 ሰዓት

አሸነፉ። በሁለት ነጥብ። ከተማው አብዷል። እኔ አላበድኩም።

በአንደኛው አጋማሽ ወደ ፀሐዩ ቅርጫት ነው የወረወሩት። ስንቱን ሳቱ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ጣቴ አለቀ፣ ተውኩት። ታምራት ራሱ አራቴ ሳተ። በዕረፍት ሲወጡ በአሥራ አንድ ነጥብ ተመርተዋል። ሜዳ ተቀየረ፣ ወደ ጥላው ዞሩ። የወረወሩት ሁሉ ይገባ ጀመር። ዓይኑን የጨፈነም ያገባል።

የኮሌጁ ካድሬ ድምፅ ማጉያውን ነጠቀ። ቡድናችን ዘግይቶ የሚግል፣ ሲግል የማይበርድ ነው አለ። ብዙ ነገር አለ። አሠልጣኙ ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ምክር ስለሰጠኋቸው ነው ይላል። ምክሩን ሰምቻለሁ። ብርቱካን እየላጠ በርቱ ነው ያላቸው።

እኔ የማልወደው ሌላ ነገር አየሁ። የጅማ ልጆች በአንደኛው አጋማሽ ወደ ጥላው ሲወረውሩ ኳሳቸው ቅርጫቱን አልፎ ሰሌዳውን ይመታል። የእኛዎቹ ወደ ፀሐዩ ሲወረውሩ ኳሱ የብረቱን የፊት ጠርዝ ነክቶ ይመለሳል። ሁልጊዜ የፊቱን። የእነዚያ ይረዝማል፣ የእነዚህ ያጥራል።

ብርቄ ለምን ዝም አልክ ትላለች። ዝም ያልኩት አልተጻፈም፣ እለፊው።

እሑድ ሚያዝያ 21፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ሰው የለም።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ የባሕር ዛፍ ዘንግ አለኝ። ምሰሶዎቹን ስተክል የዚያን ጊዜው አሠልጣኝ በሜትር ለክቶ ወረቀት ላይ ጻፈ። እኔ ወረቀት የለኝም፤ ዘንጉን ከመሬት እስከ ቅርጫቱ አቁሜ በቢላዋ ጫፉ ላይ ምልክት ቆረጥኩ። የእኔ ጽሕፈት እሱ ነው።

መጀመሪያ በፀሐዩ በኩል አቆምኩት። ምልክቱ ከብረቱ ጋር ልክ፣ ፀጉር አያስገባም። ጥላው ጋ ሄድኩ። አቆምኩት። ምልክቱ ከብረቱ በላይ ወጣ።

አራት ጣት።

እንደገና ለካሁ። ዘንጉን ገልብጬ ጠረግኩት፣ መሬቱን ጠረግኩት፣ ለካሁ። አራት ጣት።

ዳንጊሶ፣ አትክልተኛው፣ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያየኛል። የዚህ አገር ልጅ ነው፣ ሲዳማ፣ አፈሩን ያውቃል። ያኔ ስቆፍር መጥቶ ይህ ቦታ ሐይቁ ተኝቶበት የነበረ ነው፣ ውስጡ ልል ነው፣ ጠለቅ ያርጉት ብሎኝ ነበር። አንተ አበባህን ትከል አልኩት።

ዛሬ ብዙ አልተናገረም። «ጋሽ ደምሴ፣ ሰመጠ?» አለኝ።

«ዘንጉ አደገ» አልኩት።

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ባልዲውን አንሥቶ ሄደ።

ይህን አትጻፊ አልኳት ብርቄን። ይህ ካልተጻፈ ከዚህ ወዲያ አንድ ቃል አልጽፍም አለች። ይኸው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ አራት ጣት ዝቅ ያለ ቅርጫት ላይ ሲወረውሩ ከረሙ። እጃቸው ዝቅ ያለውን ለመደ። በሰው ሜዳ ያለው ቅርጫት ትክክለኛ ነው፣ ያጥርባቸዋል። ጾም አይደለም፣ ጉልበት አይደለም፣ ክርን አይደለም። የእኔ ምሰሶ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወደ ፀሐዩ ይዙሩ፣ እስከ አምቦ አምስት ቀን አለ፣ እጃቸው ይታረማል። ይህን ለማለት ግን የደምሴ ምሰሶ ሰመጠ ማለት አለብኝ። ይህ አፍ ያን አይልም። ደግሞ አምና የውኃው ሞተር ሲቃጠል ሞተረኛውን አሻጥር ብለው ወሰዱት። ሁለት ወር ደብዛው ጠፋ። ሲመለስ ሰላምታ እንኳ ፈራ።

ሰኞ ሚያዝያ 22፣ ከ/ሰ 11 ሰዓት

ብልሃት ሠራሁ። የሞኝ ብልሃት።

ከልምምዱ በፊት በጥላው በኩል ስምንት ባልዲ ውኃ ደፋሁ። ሲመጡ እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ወዲያ ማዶ ደረቅ ነው አልኳቸው።

አዩት። ዋርካው ሥር ቁጭ አሉ።

ወዲያ ማዶ ሂዱ እንጂ አልኩ።

«አባባ፣ በዚያ ፀሐይ እንኳን እኛ እንሽላሊትም አይወጣም» አለኝ ታምራት።

አሠልጣኙም ደስ አለው፣ መጽሐፉን ገልጦ ስለ ትንፋሽ አነበበላቸው። እስኪደርቅ ጠበቁ። ሲደርቅ ተነሥተው ያንኑ የሰመጠ ቅርጫት ይደበድቡ ጀመር። እየገባላቸው ይጨፍራሉ። አንተ ደብተር፣ ሰነፍ አይቼ አውቃለሁ፣ እንደዚህ ያለ ግን ከወዴት ይገኛል። ስምንት ባልዲ ውኃ። ትከሻዬ አሁንም ያመኛል።

ማክሰኞ ሚያዝያ 23፣ ከ/ሰ

የላብ አደሮች ቀን። ሰልፍ። ከጧት 1 ሰዓት ጀምሮ አደባባይ ቆምን። ካድሬው ጓድ ደምሴ፣ እርስዎ የወዛደሩ መደብ ነዎት፣ ከፊት ይሁኑ አለኝ። ከፊት ሆንኩ። ጫማዬ በላኝ። ቡድኑ በመለያው ተሰለፈ፣ ታምራት ኳስ ይዞ። ሰው አጨበጨበለት። ልጁ እንደ ሙሽራ አጎነበሰ።

ልምምድ የለም። አንድ ቀን ሄደ።

ከሰልፉ በኋላ ካድሬው ለሐሙስ ስብሰባ ጠራ። ሂስና ግለ ሂስ። ከበላይ ጥያቄ መጥቶ ነው አሉ፤ በሜዳው የሚያሸንፍ ቡድን በሰው ሜዳ ለምን ይሸነፋል የሚል። በምድር ላይ መልሱን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ነው፣ እሱም እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል።

ሐሙስ ሚያዝያ 25፣ ከ/ሰ 12 ሰዓት

ከአዳራሹ አሁን ገባሁ። ብርቄ ጻፊ፣ ቶሎ ጻፊ።

ካድሬው ሪፖርት አነበበ። ስለ ዓለም ሁኔታ ጀመረ፣ ስለ አገር ቀጠለ፣ ቅ/ኳስ ላይ ሲደርስ ግማሹ ሰው ተኝቷል። ከዚያ ታምራት ይነሣ ተባለ።

ተነሣ። ወረቀት ይዟል። የግል ዝና ፈልጌ ከሩቅ እወረውራለሁ፣ ጓደኞቼን ረስቻለሁ፣ የጋራውን ለግሌ ለውጫለሁ ብሎ አነበበ። ቃሉ የእሱ አይደለም፣ ጽፈው ነው የሰጡት። የወረቀቱን ጠርዝ በጣቱ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ያ እጅ። ከመሃል ሜዳ ወርውሮ የማይስት እጅ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ካድሬው በሜዳው የማይስት ሰው በሰው ሜዳ ብቻ የሚስት ከሆነ የችሎታ ጉድለት አይደለም፣ የፍላጎት ነው አለ። ከዚያ ያቺን ቃል አወጣት። አሻጥር። አሠልጣኙ ጫማውን ያያል። ጦር የሚታዘዝበት የሚያህል ፊሽካ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ውሳኔ። ታምራት አምቦ ይሄዳል፣ ግን ተቀያሪ ሆኖ ይቀመጣል። በእሱ ምትክ አንድ ረጅም ልጅ ይገባል፤ ለስብሰባ ጥሩ ይናገራል፣ ኳስ ግን እንደ ድንጋይ ነው የሚወረውር። ደግሞ ሲመረቅ ከምድብ ደብዳቤው ጋር ይህ ጉዳይ ይያያዛል። የትም ቢመደብ አብሮት ይሄዳል።

አስተያየት ያለው ተባለ። ካድሬው ዞር ዞር ብሎ አየኝ። ጓድ ደምሴ፣ እርስዎ ዝም አይሉም ነበር አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ታምራትም አየኝ።

ተነሣሁ። የአዳራሹ ወለል መጥረግ አለበት አልኩ።

ሳቁ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ታምራትም ፈገግ አለ፣ ሽማግሌው ሊያስቀኝ ነው ብሎ።

ሰው እየናቅሁ ኖርኩ። አሠልጣኙን ናቅሁ፣ ካድሬውን ናቅሁ፣ እነዚያን ፀሐይ የሚፈሩ ጎረምሶች ናቅሁ። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ማን እንደነበር አውቃለሁ። ከኋላ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው።

ብርቄ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር። እንደገና አንሥታዋለች። «እና ምሰሶህ ልጁ ጫንቃ ላይ ቆሞ ይቅር?» አለችኝ። ይህንንም ጻፈችው።

ዓርብ ሚያዝያ 26፣ ከ/ሰ 9 ሰዓት

ሄደዋል። አውቶቡሱ 8 ሰዓት ላይ ወጣ።

ጧት ከልምምዱ በፊት ዘንጌን ይዤ ጥላው ሥር ቆምኩ። ሁሉም እስኪመጡ ጠበቅሁ። ካድሬውም መጣ፣ ሊሸኛቸው። ከዚያ ተናገርኩ። ይህ ምሰሶ ሰምጧል፣ አራት ጣት። የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ያጠለቅሁት አንሶ ነው። በሰው ሜዳ የሚያጥርባችሁ ለዚህ ነው። ልጁ ላይ የተባለው ሁሉ ውሸት ነው።

አሠልጣኙ ሮጠ። ወዴት ነው ብል ለካ ወደ ቢሮ ነው። ፋይል ይዞ መጣ። እዚህ ላይ ሦስት ሜትር ከአምስት ሴንቲ ይላል፣ ማኅተም አለው አለኝ። ወረቀቱን ወደ ቅርጫቱ ዘርግቶ ያሳየዋል፣ መታወቂያ እንደሚያሳይ ሰው። ስንት ዓመት ፋይሉን ሲያምን አንድ ቀን ሜትር አልዘረጋም። ሜትር ይምጣ አልኩ። መጣ። ተለካ። አራት ጣትና ትንሽ።

ታምራት ኳሱን አንሥቶ ብቻውን ወደ ፀሐዩ ሄደ። ወረወረ፣ አጠረ። ወረወረ፣ አጠረ። ከፍ አደረገ፣ የኋላውን መታ። አራተኛው ገባ። አምስተኛው ገባ። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሉት። እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ዋሉ። አልሞቱም።

ካድሬው ደብተሩን አወጣ። ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ አለኝ። ከእሑድ። ለምን ዝም አሉ። አፈርኩ አልኩት። ሐፍረት በየትኛው መደብ እንደሚገባ አላወቀም፣ ዝም ብሎ ጻፈ። ታምራት ይጫወት አለ። ከደብዳቤው ጋር የሚያያዘውን ነገር ስጠይቀው ይታያል አለ። አይታይም፣ ይነሣል አልኩት፣ ሁሉም እየሰሙ። ፊቱ ቀላ። የእርስዎ ጉዳይ ሰኞ 3 ሰዓት ቢሮ ይታያል አለኝ። አሻጥር አላለም። አልረሳትም፣ ለሰኞ አስቀምጧት ነው።

አውቶቡሱ ጋ ታምራት መጣ። ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው።

«አባባ፣ ትናንት አዳራሽ ውስጥ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ስነሣም?»

«አዎ።»

እጁን አልሰጠኝም። ገብቶ ተቀመጠ፣ በዚያኛው መስኮት በኩል። ልክ ነው። እኔ ብሆን ምራቄን እተፋ ነበር።

ያልፋሉ ወይ ብትለኝ ደብተር፣ አያልፉም። ዓመት የለመደ እጅ በግማሽ ቀን አይታረምም። የአምቦ ልጆች ደግሞ ብርቱ ናቸው አሉ። ታምራት ይችል ይሆናል። የቀሩት እንጨት ናቸው፣ እኔ እንጨት አውቃለሁ። አውቶቡሱ ሲዞር ግን አንዱ ለሌላው በመስኮት እጁን ዘርግቶ ከፍ አድርገህ፣ ከፍ አድርገህ እያለ ሲያሳየው አየሁ። እሱን ጻፊው።

ነገ ጧት 12 ሰዓት ምሰሶውን አወጣዋለሁ። እነሱ አምቦ ሲጫወቱ እኔ እቆፍራለሁ። ሰው እያየ፣ ፀሐይ እያየ። ብርቄ ሰኞ ሳይጠይቁህ አትንካው፣ ማስረጃ አጠፋ ይሉሃል አለች። ይበሉ። ሰመጠ ብያለሁ፣ በሜትር ለክተዋል፣ ከእኔ በላይ ምን ማስረጃ አለ። ሰኞ ሲጠሩኝ የሚያዩት ቀጥ ያለ ምሰሶ ነው። ከዚያ በኋላ የፈለጉበት ይውሰዱኝ። በዚህ ከተማ የሰመጠ ነገር ትቼ አልሄድም።

ደብተሩን ይዘሽ ምን ትነሺያለሽ፣ አልጨረስኩም። ዶማውና አካፋው ከበሩ ኋላ ናቸው፣ ለነገ ነው እንጂ ለዛሬ አላልኩም። ተይው ብርቄ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሥራ ነው። ደግሞ ሁለተኛውን አካፋ ለማን ነው የምታወጪው፣ አንቺ ሴትዮ፣ ወገብሽ